ዘበኛው በደብሪቱ ክንድ

በጦሳ ሥር ሰፈር ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ስኳር ነው። «ስኳርዎ እንዴት አደረ?» ይላል ወጣቱ ጎንበስ ብሎ። «ተመስገን፣ ደህና አድሯል» ይላሉ ትልልቆቹ። ድሮ ልጁ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ እየተባለ በየተራ ይጠየቅ የነበረው ሁሉ በዚህች አንዲት ጥያቄ ውስጥ ተጠቃሏል። መቼ እንደተጠቃለለ የሚያስታውስ የለም።

ከምሳ በኋላ መንገዱ በሰው ይሞላል። ክንድ ላይ የተለጠፈው ዘበኛ «ተነሱ» ይላል፣ ሰውም ይነሳል። ባለሱቁ ሱቁን ገርበብ አድርጎ፣ አስተማሪዋ ጠመኔዋን እንደያዘች፣ ሁሉም ዳገቱን ትንሽ ወጣ ብሎ ይመለሳል። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ አስተዛዛኞቹ ተነስተው ድንኳኑን ይዞራሉ። ሐዘንተኛዋ መሃል ላይ ተቀምጣ ሰው በዙሪያዋ ቀስ እያለ ሲሄድ ያየ እንግዳ ይደነግጣል። የሰፈሩ ሰው አይደነግጥም።

ዘበኛው ከሳንቲም አይበልጥም። የሚለጠፈው ስኳር በሽታ ለተገኘበት ሰው ነው። ከዚያ ሰው የሆድ ቆዳ ሥር ደግሞ ኢንሱሊን የያዘ ቋት ይቀበራል። ዘበኛው ያያል፣ ቋቱ ይሰጣል፤ ለሰውየው የሚቀረው መኖር ብቻ ነው። በየደጁ አንድ መብራት ተሰቅሏል። አረንጓዴ ሲሆን ደህና ነው። ብርቱካናማ ሲሆን ስኳሩ ከፍ ብሏል፣ ቋቱም እየሠራበት ነው፤ ማንም አይገባም። ሰማያዊ ሲሆን ግን ስኳሩ ወርዷል፤ ያየ ሁሉ የሚጣፍጥ ነገር ይዞ ሳያንኳኳ ይገባል። ደንቡን ያወጣው እድሩ ነው። ሰማያዊ አይቶ ያለፈ ሰው ቀብር ከቀረ ሰው ተለይቶ አይታይም።

ይመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ሲመላለስ ጎልምሶ አረጀ። መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ ወረደ። ወርዶ ተቀመጠ፣ ተቀምጦም በላ። ስኳሩ የተገኘው ለዓይኑ መነጽር ሊያሠራ በሄደበት ነው። ስንት ዓመት አብሮት እንደኖረ ሐኪሙም አላወቀም። ይህ በሽታ ደጅ አያንኳኳም፤ ገብቶ ይቀመጥና ቤተኛ ከሆነ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ሚስቱ ደብሪቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ሥር አትነሳም። የይመር ስኳር ከታወቀ ጀምሮ የምታበስለው ዘበኛው በሚለው ልክ ነው። ለእሱ የተከለከለውን፣ የዳቦውን ትራፊ፣ ድንቹን፣ ከሰርግ ቤት የተላከውን ጣፋጭ፣ እሷ ትጨርሰዋለች። እህል መጣል ነውር ነው። ዘበኛ የሌላቸው ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲመረመሩ ይጠራሉ። ደብሪቱ ስትጠራ «ለአንድ ቤት አንድ ስኳር መቼ አነሰው» ትልና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ሰውም ይስቅላታል።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት፣ ይመር ነገሩን አነሳ።

«ደብሪቱ፣ ዘንድሮ እንቁረብ።»

ደብሪቱ መርፌ ላይ ክር ልታስገባ ትታገል ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመርፌው ቀዳዳ አልታይ ይላታል። «ማን ጠላ» አለች። «በፍልሰታ ማግስት አብረን ብንቆርብ እኔስ ምን እሻለሁ? ግን አንተ እንዴት አድርገህ ልትጾም?»

«እጾማታለኋ።»

«አምናም ጾመህ ነበር። አይተንሃል።»

ይመር ሳይወድ ሳቀ። አምና ለማንም ሳይናገር ጀምሮ በሁለተኛው ቀን መብራቱ ሰማያዊ ሆነበት። ጎረቤታቸው ሉባባ በአጥሩ በር ዘላ ገብታ ቴምር አፉ ውስጥ ከተተችበት። ከኋላዋ አንዱ ጭማቂ፣ አንዱ ብስኩት፣ አንዱ ማር ይዞ ቤቱን ሞላው። ሉባባ የእድሜ እኩያው ናት፣ እሷም ዘበኛ አላት። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች ዓይኑን ሲገልጥ። «አንድ ክርስቲያን በቴምር አስፈጠርኩ!» ቀልዱ እስከ ገበያ ድረስ ወረደ። ይመር ዓመቱን ሙሉ ተቀለደበት፤ አብሮ ሳቀ። ውስጡን ግን ከነከነው። መሪ ይዞ በኖረበት ዘመን ጾም የሚገባው እሱ በረሃ ላይ ሆኖ ነበር። ረዳቶቹ ዘጠኝ ሰዓትን ሲጠብቁ እሱ መንገደኛ ነኝ እያለ ጥብስ ያዝዝ ነበር። አሁን ጊዜ አለው፣ ቤት ውሎ ያድራል። አሁን ደግሞ አትጾምም ተባለ።

«አስቤበታለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዘበኛው ያንቺ ክንድ ላይ ቢሆንስ?»

«እኔ ምን አለብኝና?»

«ለዚህ እኮ ነው! ያንቺን የጤነኛ ስኳር ያያል፣ ቋቱም ዝም ይላል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ይውላል። እኔም እንደ ሰው እጾማለሁ።»

ደብሪቱ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «የጤና ጣቢያዋን ሲስተር ብንጠይቃትስ?»

«ሲስተር ረድኤት ምን ልትለኝ ነው? ‹ይብሉ ጋሼ ይመር።› ሌላ ቃል ስትናገር ሰምተሻት ታውቂያለሽ?»

«መምሬ ፈንታንስ? የንስሐ አባታችን እኮ ናቸው።»

«‹አንተ በሽተኛ ነህ፣ ይቅርብህ› ይሉኛል። እኔ ደግሞ እንዲቀርልኝ አይደለም የምፈልገው።» ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ስሚኝ። ከከለከሉን በኋላ ብናደርገው አለመታዘዝ ይሆናል። ካልጠየቅናቸው ግን አልከለከሉንም።»

ደብሪቱ ይህን ብዙ አሰበችበት። አባባሉ ልክ እንዳልሆነ ይሰማታል፤ የቱ ጋ እንዳጋደለ ግን ማግኘት አቃታት። የምትፈልገው ነገርም ነበር። ለትዳራቸው ሽማግሌ ተልኮለታል፣ ሰርግ ተደግሶለታል፣ ቁርባን ግን ቀርቶበታል። ማኅበርተኞቿ ባልና ሚስት አንድ ላይ እየቆረቡ ነጭ ለብሰው ሲመለሱ እሷ ጥላ ይዛ ትሸኛቸዋለች።

የነሐሴ መጀመሪያ ዕለት በለብ ያለ ውሃና በቫዝሊን ዘበኛውን ከይመር ክንድ አላቀቀችው። ግራ ክንዷ ላይ ለጥፋ የቀሚሷን እጅጌ መለሰችበት። ዘበኛ ሰው አይለይም፤ የሚያውቀው ስኳር ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ የደጁ መብራት ብርቱካናማ ሆነ።

ሁለቱም ወጥተው ቆመው አዩት። «ምነው?» አለች ደብሪቱ። «እኔ እኮ ከማታ ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመስኩም።»

«አዲስ ክንድ ሆኖበት ነው» አለ ይመር። «መኪናም ሾፌር ሲቀየርበት ይንገራገጫል። ይለምድሻል።»

ሉባባ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ይመር! በጾም ምን ብትበላ ነው ብርቱካን የሆንከው? ደብሪቱ፣ ሽሮው ውስጥ ስኳር ጨመርሽበት እንዴ?»

«አንቺ በሰው ሽሮ ምን አገባሽ!» አለች ደብሪቱ። ሳቁና ሦስቱም ተለያዩ። ብርቱካናማ ስለሆነ ሉባባ አልገባችም።

ይመር ያን ቀን እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀው፣ ልቡም ድው ድው አለ። ደስ አለው። «ጾም እንዲህ ነው ለካ» አለ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዕዱ ሲቀርብ። «ሰው ይህን ችሎ ነው የሚኖረው?» ደብሪቱን ደግሞ ጥሙ አስቸገራት። ከማዕድ በኋላ ጆግ ሙሉ ውሃ ጠጣች፤ አልበቃትም፣ ደገመች። ይህ ጥም ከጾሙ በፊትም ነበር፣ ሽንት ቤት መመላለሱም እንዲሁ፤ እሷ ግን የሁለቱንም ምክንያት ለጾሙ ሰጠችው። እግሯ ላይ በመቀስ የተቧጨረችው ቁስል ከሰኔ ጀምሮ አልደርቅ ብሏታል። ይህን ደግሞ ለእርጅና ሰጠችው።

በሦስተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ሰው ከውስጥ ተርፎ ግቢው ውስጥ በየጥላው ሥር ቆሟል። ይመር በወንዶች በኩል መቋሚያውን ተደግፎ ቆመ። አጠገቡ የቆመው ጓንጉል የሳምንቱ የእድር ተረኛ ነው፤ የሰፈሩ ዘበኛ ሁሉ የሚያየው በተረኛው ስልክ ላይ ይነበባል።

ቅዳሴው መሃል ላይ ይመር ወደ ጓንጉል ዞረ። በዚያ ብርድ ግንባሩ በላብ ርሷል።

«ሚዛኑን አለፍነው?» አለው።

«የቱን ሚዛን?»

«ረዳቱ ይውረድና ጎማውን ይይ።»

ጓንጉል አሮጌ ሾፌር እየቀለደ መስሎት በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ይመር ወደቀ።

ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሴት ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ መጠቅለያውን ገፈፈች። ጓንጉል ግን ስልኩን አየና እጇን ያዘ። «እንዳትሰጪው! ከፍ ብሏል፣ በጣም ከፍ ብሏል። የሚጣፍጥ እንዳይነካ!» ሴትየዋ ከረሜላውን መልሳ ጠቀለለችው። ጓንጉል የሚገባውን አደረገ፤ ማንም ተረኛ ከዚህ የተለየ አያደርግም።

ደብሪቱ ከሴቶች በኩል እየተጋፋች መጣች። ይመር ዓይኑ ተገልጧል፣ አያይም። መምሬ ፈንታ መስቀላቸውን ይዘው ከራስጌው ቆመዋል። ማኅበርተኞቿ በዙሪያዋ ናቸው። ዘበኛው ከነጠላዋ ሥር፣ ከእጅጌዋ ሥር፣ ክንዷ ላይ ነው።

ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ አሰበች። እኔ በሽታ የለብኝም። እኔ ካልታመምኩ ይህ ከፍ ያለው ስኳር የእኔ ሊሆን አይችልም፤ ታዲያ የእሱ ነው። ዘበኛው በሆነ መንገድ አሁንም እሱን እያየ ነው። ጓንጉል ልክ ነው። ልክ ከሆነ ደግሞ በታቦቱ ፊት፣ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል፣ ባሌ ሲያታልል ነበር ብዬ ለምን አዋርደዋለሁ? የጤና ጣቢያው መኪና ተጠርቷል፣ ይደርሳል።

ጸበል ተረጨ። ወንጌል ተነበበ። ደብሪቱ ወንጌሉ ተነቦ እስኪያልቅ ዝም አለች። ወንጌል ሲነበብ ሰው ይቆማል፤ እሷም ቆመች።

ከዚያ የይመር ሰውነት መንዘፍዘፍ ጀመረ።

«እኔ ላይ ነው» አለች።

ጓንጉል ቀና አለ። «ምኑ ነው አንቺ ላይ?»

እጅጌዋን ሰበሰበች። «ዘበኛው።»

ጓንጉል ለሲስተር ረድኤት ደወለ፣ ድምፁንም ከፍ አደረገው። የነርሷ ድምፅ ከግቢው ዝናብ መሃል ጥርት ብሎ ተሰማ።

«እኔ የማየው የማን ስኳር ነው?»

«የኔ» አለች ደብሪቱ።

«እርስዎ ምን በልተዋል?»

«ጾመኛ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ምንም።»

«እትዬ ደብሪቱ፣ ይሄ የጤነኛ ሰው ስኳር አይደለም። ሳይበሉ እንዲህ ከሆነ እርስዎም ታመዋል። ቋቱ ሦስት ቀን ሙሉ የእርስዎን ስኳር እያየ ለጋሼ ይመር ሲሰጥ ነበር። ቋቱን አሁን ዘግቼዋለሁ። በጎኑ አስተኙት። ማር ያለው ሰው በጣቱ ድዱን ይቀባው፣ እንዳታጠጡት። ቶሎ!»

ያቺ ሴት ከረሜላውን ለማሟሟት እጇ ላይ ውሃ አፈሰሰች። ሌላው ማር ሊያመጣ ሮጠ። ደብሪቱ ድዱን በጣቷ ስትቀባ ጥርሱ ገጥሞ ነበር። መኪናው ደረሰ።

ይመር አልሞተም። የጤና ጣቢያው ሐኪም በማግስቱ ለደብሪቱ ያስረዳት በቀላል ቃል ነው። አንጎል ስኳር ካላገኘ ይራባል፤ ለጥቂት ጊዜ ይታገሣል፣ ከዚያ በኋላ ግን የራበው ክፍል አይመለስም። ስንት ጊዜ እንደቆየ ጠየቃት። «ወንጌል እስኪነበብ» አለችው። ሐኪሙ ገና ልጅ ነበርና ይህን ወደ ሰዓት መቀየር አልቻለም።

የእሷም ስኳር በዚያው ተመረመረ። ዓይኗ፣ ጥሟ፣ መመላለሷ፣ አልድን ያለው ቁስል፣ ሁሉም ከዓመታት ጀምሮ ሲናገር የነበረው አንድ ነገር ነው። ዘበኛ ተለጠፈላት፤ ለእሷ የኪኒን መድኃኒት በቃት። በየማታው እግሯን እንድታይ፣ በጣቶቿ መሃል እንዳይቆስል እንድትጠብቅ፣ ከስፌቱ እየተነሳች እንድትራመድ ነገሯት። ሁሉንም ታውቀው ነበር። ለይመር ስታደርገው ኖራለች።

መምሬ ፈንታ ሊጠይቁ ሲመጡ ብዙ አልተናገሩም። መስቀል አሳልመዋት ተቀመጡ፣ ወደ ይመር አዩ። እሱ ግድግዳውን ያያል።

«ለታመመ ሰው ምን ያህል እንደሚጾም የሚወስንለት የንስሐ አባቱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጥቂት ጹም፣ በጥሬ በውሃ አድርገው፣ ወይም ተወው፣ ጸሎት ጨምርበት እለው ነበር። ከነሕመሙም አቆርባችሁ ነበር። ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

«ይከለክሉናል ብለን።»

መምሬ አንገታቸውን ደፉ። «ጥፋቱ የኔም ነው። በዓመት ስንት ጊዜ ቤታችሁ ስገባ ስኳሩን ጠይቄ እወጣለሁ። ልቡ ምን እንደሚሻ ጠይቄው አላውቅም።»

ሉባባ የመጣችው እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው። ሾርባ ይዛለች። ይመርን ልታጎርሰው ሞከረች፤ አፉን ግጥም አደረገ። ደብሪቱ ማንኪያውን ስትቀበላት ከፈተ። ከወደቀ ወዲህ አፉን የሚከፍተው ለእሷ ብቻ ነው። ስሟን አይጠራም፣ ማን እንደሆነችም ማወቁ ያጠራጥራል፤ እጇን ግን ያውቃል።

ሉባባ ይህን አይታ ቀልዷ ጠፋባት። «እኔ እኮ ረመዳንን እጾማለሁ» አለች ድንገት።

«እያየሁሽ።»

«ከእነ ስኳሬ ነው እኮ የምልሽ። ወሩ ከመግባቱ በፊት ሲስተር ረድኤት ዘንድ እሄዳለሁ፣ ትመረምረኛለች፣ ቋቱን ለወሩ ትቀንስልኛለች። የማይሆን ቀን ሲመጣ ‹ዛሬ ያፍጥሩ› ትለኛለች፣ አፈጥራለሁ። ያንን ቀን በኋላ እከፍላለሁ።»

ደብሪቱ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አኖረችው። «ለይመርም ታደርግለት ነበር?»

«ለምን አታደርግለት? ሰው አይደለም?»

«ነግረሽኝ አታውቂም።»

«አንቺስ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አለች ሉባባ። ይህን ካለች በኋላ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔም የናንተ ጾም የተለየ ነው ብዬ ነው። በሰው ሃይማኖት ምን አገባኝ ብዬ።»

አንድ አጥር ተካፍለው ልጆች አሳድገዋል፣ ሙታን ቀብረዋል። የአንዳቸው ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል በየዕለቱ አይተዋል።

ዓመቱ እንዲህ አለፈ። ደብሪቱ ከምሳ በኋላ ይመርን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ከሰው ጋር ትራመዳለች። ሰው ሰላም ይላታል፤ ስለ ይመር ሲናገር ግን ፊት ለፊቱ እያለ «ደህና ነበር፣ ጥሩ ሰው ነበር» ይላል። አታርማቸውም።

ፍልሰታ ሲቃረብ መምሬ ፈንታ ራሳቸው መጡ። ይመር በሕመሙ ምክንያት ሳይጾም ይቆርባል አሉ። ደብሪቱ ሲስተር ረድኤት በፈቀደችው ልክ ትጾማለች፣ መድኃኒቷም ለዚያ ይስተካከላል። ሁለቱንም ነገር ለመጨረስ ከአንድ ከሰዓት በላይ አልፈጀም። ነርሷ «በርቱ እትዬ» አለቻት፤ ከ‹ይብሉ› ሌላም ቃል ታውቅ ነበር።

«ሳያውቅ ይቆርባል እንዴ መምሬ?» ብላ ጠየቀች ደብሪቱ።

«ሕፃን ሳያውቅ ይቆርብ የለ?» አሉ መምሬ። «እግዚአብሔር ያውቀዋል። ይበቃል።»

በበዓሉ ጠዋት ነጭ አለበሰችው። ራሷም ለብሳ ገፋችው። ማኅበርተኞቿ ጥላ ዘርግተው በሁለቱም ጎን አጀቡ። ተራቸው ሲደርስ መምሬ ፈንታ ሥጋውን ይዘው ወደ ይመር ጎንበስ አሉ። ይመር አፉን ግጥም አደረገ። መምሬ ጠበቁት። ዲያቆኑም ጽዋውን እንደያዘ ጠበቀ።

ደብሪቱ ወደ ፊቱ ዞራ ተንበረከከች። ባዶ እጇን አነሳችና ወደ አፉ አስጠጋች። «ይመር» አለችው፣ «ክፈት።»

እጇን አየ፣ ከፈተም። ተቀበለ፣ ከጽዋውም ተቀበለ። ከዚያ እሷ ተቀበለች።

ውጭ ዝናቡ አባርቷል። ሰው እየመጣ ጉልበታቸውን እየሳመ «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» አለ። ደብሪቱ ለሁለቱም «አሜን» እያለች መለሰች። በነጠላዋ ጫፍ አፉን ከደነችለት። ሰው እስኪቀንስ ጠብቃ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«ቆረብን እኮ፣ ይመር» አለችው። «አብረን ቆረብን።»

ይመር ድምጿን ሰምቶ ወደ እሷ ዞረ። ፊቷን አየ፣ እጇን አየ። ሌላ ጉርሻ የምትሰጠው መስሎት ከነጠላው ሥር አፉን ከፈተ።